ጊታሩ ጾም ላይ ነበረ

ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ
መጋቢት 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ወንድሜ ኪሩቤል፣

እንደምን ሰነበትህ? እኔ ደኅና ነኝ። አክስታችን እሌኒ ከመሸንቲ መጥታ አብራኝ ናት። ያንተ አልጋ ላይ ነው የምትተኛ፤ ግን እግሯን አትዘረጋም። ቦታ እንዳታጣብብህ የፈራች ይመስል ጥግ ይዛ ታድራለች።

ትምህርት ቤት ተመልሻለሁ። ከጎኔ የሚቀመጠው ልጅ ምን እንደሚለኝ ቢጨንቀው ማስቲካ ሰጠኝ። ማስቲካ ጾም ያስገድፋል፣ አያስገድፍም ብለን ስንከራከር ደወል ተደወለ። አንተ ብትኖር የምትፈርድልን ነገር ነበር።

ልነግርህ የፈለግሁት ግን ሌላ ነው። ጊታርህ በቅበላ ማታ እንደሰቀልኸው ግድግዳው ላይ ነው፤ ክር የለውም። ለቅሶ የሚደርስ ሁሉ ገብቶ ሲቀመጥ ቀና ይልና ያየዋል። አንዲት ሴትዮ ጎረቤቷን በክርኗ ነካ አድርጋ፣ «አየሽ፣ ዘፈኑን እርግፍ አድርጎ ትቶ ነው የሄደ፤ ክሩን በጥሶ!» አለቻት። ያችኛዋ «ተመስገን» አለች። በማግሥቱ ድንኳኑ ሁሉ ያንን ያወራ ጀመር።

እኔ ዝም አልሁ። መጀመሪያ ድምፄ ተዘግቶ ስለነበር ነው። ኋላ ደግሞ ሲጽናኑበት አየሁና መንሣቱ ከበደኝ። ክሩን ያወለቅኸው ጊታሩን ልታስጾመው እንደሆነ፣ በፋሲካ አዲስ ልትገጥምለት እንደነበር የምናውቅ እኔ፣ ጎረቤታችን ሰላህና ንስሐ አባትህ አባ ገድሉ ብቻ ነን። አሁን አንተ ስለሌለህ ሦስት ቀረን።

ስትጽፈው የነበረው መጽሐፍህ አልጋው ሥር ነው፤ አልነካሁትም። የመጨረሻው ምዕራፍ «ፋሲካ» የሚል ርእስ ብቻ እንዳለው ግን አውቃለሁ።

ታናሽህ
ግሩም


ናይሮቢ
መጋቢት 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለግሩም፣

የሐዘንተኞች አባት መድኃኔዓለም መጽናናቱን በልብህ ያፍስስ። እኔና ልጄ ምናሴ በቸርነቱ አለን። በስልክ ስንገናኝ አንተም እኔም ማልቀስ እንጂ መነጋገር አልሆነልንም። ኢንተርኔቱም እናንተ ዘንድ ተቋርጧል። የጎረቤትህ የሰላህ ወንድም ለንግድ ወደዚህ ሲመላለስ ስለማገኘው፣ ብዕር ይሻለናል ብዬ ይኸው ጻፍሁልህ።

እናትህ ነፍሷን ይማረውና የአጎቴ ልጅ ትሁን እንጂ ያደግነው በአንድ ጓሮ ነው። ልብስ ልናጥብ ጣና ዳር ስንወርድ ኪሩቤልን በጀርባዬ የማዝለው እኔ ነበርሁ። ገና መቆም ሲጀምር ሳፋውን ገልብጦ በሁለት እጁ ሲደበድበው እናትህ፣ «ይህ ልጅ ወይ መሪጌታ ይሆናል፣ ወይ ያደነቁረናል» ትል ነበር። የሮክ ተጫዋች ሆነ ሲሉኝ እንግዲህ ሁለተኛው ደረሰ ብዬ ሥቄያለሁ። ከቤተ ክርስቲያን ራቀ ሲሉኝ ግን አልሣቅሁም። ተመለሰ ሲሉኝ ደግሞ እንደ ሕፃን ነው ያለቀስሁ።

እንደምታውቀው የሄደበትንና የተመለሰበትን መንገድ ጽፎ ነበር። በዚህ ያለው የሰንበት ትምህርት ቤት ማኅበራችን ለአንተና ለምናሴ እኩዮች በሚሆን መልክ አሳጥረህ አዘጋጅልን ብሎት ጀምሮት ነበር። እጁ ላይ የቀረውን ሁሉ ላክልኝ። ክሩን በጥሶ፣ ዘፈኑን ትቶ እንዳረፈ ከለቅሶው የተመለሱ ነግረውኛል። ለልጆች መጽሐፍ ከዚህ የበለጠ መደምደሚያ ከየት ይመጣል?

አክስትህን ሳምልኝ። ጾሙን በሰላም ያስፈጽማችሁ።

ሰገነት


ባሕር ዳር
መጋቢት 23 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ሰገነት፣

ጤናዎ እንደምን ነው? ምናሴስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። አክስቴ እጅ ትነሣለች።

ጽሑፉን ሁሉ በሰላህ ወንድም እጅ ልኬያለሁ። ሰርዝ ድልዙ ቢበዛብዎ አይደንቅዎ፤ የእኔ ሥራ ነው። ኪሩቤል ለልጆች የሚያሳጥረው እንዲህ አድርጎ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ማታ ሊጫወት ሆቴል ከመግባቱ በፊት፣ ጊታሩን፣ በባትሪ የሚሠራውን ትንሿን አምፕሊፋየርና ወረቀቱን ይዘን ሐይቁ ዳር፣ ደንገሉ ካለበት እንወርዳለን። እኔ ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ። እሱ ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል። ደንባችን አንድ ናት፦ እኔ ካዛጋሁ ያ ቦታ ይቆረጣል።

«አዛጋህ እንዴ?»

«ኧረ አላዛጋሁም፣ አፌን ነው የከፈትሁ!»

«የተከፈተ አፍ ሁሉ ማዛጋት ነው» ይልና ይሰርዘዋል። አንድ ጊዜ ስለ ትሕትና የጻፈውን ሦስት ገጽ ሙሉ አስጣልሁት። አኩርፎ ወደ ቤት እስክንገባ አላናገረኝም። በሩ ላይ ሲደርስ፣ «ስለ ትሕትና ጽፌ ማኩረፌን ለማንም እንዳትናገር» አለኝ።

ማንበቡ ሲሰለቸው ይጫወታል። ጊታሩን የሚያስጉረመርመውን ፔዳል ሲረግጠው ዓሣ አጥማጆቹ ከታንኳቸው ላይ ይጮሁበታል። «አንተ ልጅ ተው! ጉማሬው ባላንጣ የመጣበት መስሎት አሁን ይወጣብሃል!» ይሉታል። እሱም ጎንበስ ብሎ ወደ ውኃው ይቅርታ ይጠይቃል፤ ጉማሬውን ማለት ነው። አሁንም ቅዳሜ ሲሆን በዚያ በኩል አልፋለሁ። ከትናንት በስቲያ አንደኛው ዓሣ አጥማጅ አየኝና ቀዘፋውን አቁሞ ባርኔጣውን አወለቀ።

ስለ መደምደሚያው ያሉትን አንብቤዋለሁ። ኪሩቤል ራሱ የመጨረሻውን ምዕራፍ አልጻፈውም፤ ርእሱ ብቻ ነው ያለው።

ጤና ይስጥልኝ።

ግሩም


ናይሮቢ
መጋቢት 29 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለግሩም፣

ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልህ። ወረቀቱ በደኅና ደረሰኝ። ሌላ ሥራ ሳልሠራ አነበብሁት። ሐይቁ ዳር ሄጄ የተመለስሁ ነው የመሰለኝ፤ የደንገሉ ሽታ ሳይቀር መጣብኝ። ማኅበሩም ወዶታል። ለሰኔ ምረቃ እንዲደርስ ወደ ማተሚያ ቤት ቶሎ መግባት አለበት።

የጎደለው የመጨረሻው ምዕራፍ ነውና እኔ ጽፌዋለሁ። ተይቦ አብሮ ተልኮልሃል። ከሰማሁት ውጭ የጨመርሁት የለም፤ አንድ ምሽት ጊታሩን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ፣ «አንተን ወይስ አምላኬን?» ብሎ ክሮቹን አንድ በአንድ በጥሶ ጣላቸው ይላል። አንተ ቤተሰብ ነህና ተስማምቻለሁ ብለህ ፈርምበት። ደግሞም ክር የሌለውን ጊታር ግድግዳው ላይ እንዳለ በደንብ አድርገህ ፎቶ አንሣልኝ፤ ለሽፋኑ ይሆናል። እንዳትነካካው፣ እንዳለ ይሁን።

ልጆቻችን እንዲህ ያለ ምስክር ያስፈልጋቸዋል ግሩምዬ። እዚህ ያለውን አታውቀውም። ልጅ በእጅህ እያለ እንዴት ከእጅህ እንደሚወጣ አታውቀውም።

መልስህን አታዘግይብኝ።

ሰገነት

(ከተተየበው ምዕራፍ ግርጌ፣ በትንንሽ ፊደል፦)
ግሩም፣ ይህን ለማሚ የምተይብላት እኔ ነኝ። የተጻፈው እውነት ነው ወይ? የእኔን ጊታር ቁም ሳጥን ላይ ሰቅላ በብርድ ልብስ ሸፍናዋለች። እንዳትነግራት። ምናሴ


ባሕር ዳር
ሚያዝያ 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ሰገነት፣

እንደምን ከርመዋል? እኛ ደኅና ነን። ይህን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ፤ ብዳፈርዎ ይቅር ይበሉኝ።

ኪሩቤል ክሩን አልበጠሰም። በቅበላ ማታ እያላላ፣ እየጠመጠመ፣ በሥርዓቱ አወለቀው። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ወጥ እያማሰልሁ ነበር። በየዓመቱ የሚያደርገው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው የጀመረው። ከብዙ ዓመት በኋላ ንስሐ ሊገባ አባ ገድሉ ዘንድ የሄደ ዕለት ከልምምድ በቀጥታ ስለሄደ ጊታሩን በጀርባው ተሸክሞ ነበር። ለእኔ ደጋግሞ ስላወራልኝ ቃል በቃል አውቀዋለሁ።

«አባ፣ ይህን ነገር ልስበረው ወይ?» አላቸው።

«ምን አጠፋ?»

«ከቤተ ክርስቲያን ያወጣኝ እሱ ነው።»

«እግር አለው እንዴ? የወጣህስ አንተ ነህ።» ቀጥለው፣ «በሁዳዴ እኛ ዘንድ ከበሮው ምን ይሆናል?» አሉት።

«ዝም ይላል።»

«ጸናጽሉስ?»

«እሱም ዝም ይላል።»

«እንግዲያስ የአንተም አብሮ ይጹም። ወደ መቅደስ እንዳታመጣብኝ፣ ቦታው አይደለም። ነገር ግን ዝም ማለት ከቻለ ምን አደረገኝ ብለህ ትሰብረዋለህ? በፋሲካ ከበሮው ሲነሣ የአንተም ይነሣል።»

ከዚያ ወዲህ በየሁዳዴው ክሩን ያወልቃል፤ አብሮት የሚጫወተው ባንድም ያለ እሱ ይሠራል። የጾም ሰሞን ጣቶቹ ሥራ ስለሚፈቱ ጠረጴዛ ላይ፣ ማሰሮ ላይ፣ የእኔ ጀርባ ላይ ይጫወታሉ። ስንቱን ዜማ በጀርባዬ አውቀዋለሁ።

አዲሱን ክር ደግሞ አስቀድሞ ይገዛና ለሰላህ አደራ ይሰጠዋል። «ብለምንህም፣ ባለቅስም እስከ ፋሲካ እንዳትሰጠኝ» ይለዋል። ሰላህ ሱቁ ከእኛ በር አጠገብ ነው፤ አደራውን የሚጠብቀው እየቀለደ ነው። ዘንድሮ የእነሱም ረመዳን የእኛም ሁዳዴ አንድ ቀን ገባ። የዚያን ዕለት ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ፣ «ኪሩ! ጊታርህ ሳይነጋ ሰሁር በላ ወይ? ምስኪን፣ እኛ እንኳ ማታ ማታ እናፈጥራለን!» ብሎ አሣቀን። የፋሲካ ጠዋት ኪሩቤል ሊወስድ ሲሄድ ደግሞ ሰላህ እንደ ዳኛ ተኮፍሶ፣ «ዶሮ ጮኸ ወይ?» ይለዋል። ኪሩቤል «ጮኸ» ይላል። ያኔ ነው የሚሰጠው።

ከትናንት በስቲያ ሰላህ ዒድን አክብሮ ምግብ ይዞልን መጣ። ግድግዳውን ቀና ብሎ አየና፣ «እኛ ፈታን፤ እሱ ብቻውን ቀረ» አለ። ክሩ አሁንም እሱ ዘንድ ነው። እኔ አልጠየቅሁትም፣ እሱም አላነሣብኝም።

እትዬ፣ ስለዚህ መፈረም አልቻልሁም። ፎቶውንም አላነሣሁም። ሁለተኛውን ምዕራፍ እባክዎ ደግመው ይዩት። ኪሩቤል በእኔ ዕድሜ ሳለ የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪው በሰው ፊት፣ «ወይ ጊታርህን ወይ እግዚአብሔርን ምረጥ» አለው። እሱም ዕቃውን ይዞ ወጣ፤ እስኪመለስም ስንት ዓመት ፈጀ። እርስዎ የጻፉት ያንኑ ቃል ነው። የኪሩቤል መጽሐፍ ኪሩቤልን ያስወጣውን ቃል ለሌላ ልጅ እንዲናገር አልፈልግም። ጊታር ያለው ልጅ ቢያነበውስ?

አጥፍቼ ከሆነ ይቅር ይበሉኝ።

ግሩም


ናይሮቢ
ሚያዝያ 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለግሩም፣

እንደምን አለህ? የኪሩቤልን አርባ እዚህም በጸሎት አስበነዋል።

መልሴ ዘገየ። እውነቱን መናገር ይሻላል፤ መጀመሪያ ተቆጥቼብህ ነበር። ደብዳቤህን ከመጽሐፍ ቅዱሱ ሥር አድርጌ ማየቱን ተውሁ። ኋላ ሁለተኛውን ምዕራፍ አወጣሁ። ከዚህ በፊት አንብቤው አልነበረም እንዴ? ዓይኔ አልፎበት ነበር እንጂ አላየሁትም ነበር።

የጻፍህልኝን ለማኅበሩ አነበብሁላቸው። ጥቂቶቹ ወደዱት። የሚበዙት ግን፣ «ልጆች ጊታር ተፈቀደ ብለው ይረዱታል፤ በኋላ ለወላጅ ምን እንላለን?» አሉ። የቆረጡት ይህ ነው፦ ወይ እኔ በጻፍሁት ያልቃል፣ ወይ መጽሐፉ ይቀራል። የእነሱን ቃል ነው የማደርስህ፤ እኔ የምለውን አላውቅም። ኪሩቤል መጽሐፉ ታትሞ ለማየት ምን ያህል ይጓጓ እንደነበር ታውቃለህና አስበህ መልስልኝ።

ምናሴ ግርጌ ላይ የጻፈልህን ኮምፒዩተሩ ላይ አግኝቼዋለሁ። አንተም አውቀህ እንዳልነገርኽበት ገብቶኛል። ትናንት ጊታሩን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረድሁና አልጋው ላይ አኖርሁለት። ከትምህርት ቤት ሲመለስ አየው። ከዚያ ወደ ማድቤት መጥቶ፣ «ማሚ፣ እስከ ፋሲካ እዚያው ይቆይ» አለኝ። ያንተን ደብዳቤ ለካ አንብቦታል። መልሼ ሰቀልሁት። ሲወጣ ግን በሩን ቀስ ብሎ ነው የዘጋው፤ እንደዚያ ሲዘጋ ካየሁት ቆየሁ።

ሰሙነ ሕማማቱን በሰላም ያስፈጽምህ።

እትዬህ ሰገነት


ባሕር ዳር
ሚያዝያ 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ ሰገነት፣

ዛሬ ጸሎተ ሐሙስ ነው። ከስግደት መልስ ነው የምጽፍልዎ።

አስቤበታለሁ። ኪሩቤል ይጓጓ ነበር፤ ሽፋኑን እንኳ በአመድማ ቀለም ይሁን በሰማያዊ እያልን ስንጨቃጨቅ ነበር። ቢሆንም መጽሐፉ ይቅር። የተላከው ወረቀት እዚያው እርስዎ ዘንድ ይቀመጥ፤ አንድ አንባቢ አለው። የጎደለውን ምዕራፍ እኔ ጽፌ በሰላህ ወንድም እጅ እልካለሁ። ለምናሴ ነው። ካዛጋ ይንገረኝ፤ ደንቡን ያስረዱልኝ።

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው ያድርስዎ።

ግሩም


ባሕር ዳር
ሚያዝያ 27 ቀን 2016 ዓ.ም. የፋሲካ ዕለት

ወንድሜ ኪሩቤል፣

እንኳን አደረሰህ። መቼም እናንተ ዘንድ የዛሬው ይለያል።

መጽሐፍህን አስቀረሁብህ። ትቀየመኝ ይሆናል ብዬ ስፈራ ነበር፤ ዛሬ ግን አልፈራም።

አክስቴ ትናንት ወደ መሸንቲ ሄደች፤ ልጆቿ በዓሉን ያለ እናት እንዳይውሉ ብላ ነው። «ብቻህን አትደር፣ ተነሥ» ብላ ሻንጣዬን ሁሉ አዘጋጅታ ነበር። «ነገ ከሰዓት እመጣለሁ» አልኋት። ጫማዋን አድርጋ በሩ ላይ ቆየችና ግድግዳውን አየት አድርጋ፣ «ለቅሶ ቤት ነው ግሩም፤ ዘፈን እንዳይሰማ» አለችኝ። የምታውቀው ነገር አለ እንዴ? አልጋህን አንጥፋልህ ነው የሄደች።

ጊዮርጊስ አስቀድሼ ስመለስ ሊነጋጋ ነበር። ሐይቁ ገና አልተለየም፤ ወፎቹ ብቻ ይንጫጫሉ። በሩን ከፍቼ፣ «መጣሁ» አልሁ፤ እንደ ልማዴ። ከዚያ ማንም እንደሌለ ትዝ አለኝ። ብቻዬን ያነጋሁበት የመጀመሪያው ቀን ነው።

ሰላህ ሱቁን ሲከፍት ሰማሁትና ወጣሁ። ባንኮኒው ጋ ስቆም እንኳን አደረሳችሁ አላለኝም፤ እንደ ዳኛ ሊኮፈስ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረ።

«ዶሮ ጮኸ ወይ?» አለኝ፤ ድምፁ ቀጥኗል።

«ጮኸ» አልሁት።

ፖስታውን አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጠኝ። በላዩ ላይ «ብለምንህም እንዳትሰጠኝ» ብለህ ጽፈህበታል፤ በአንተ እጅ ጽሕፈት። ሰላህ፣ «አልለመነኝም እኮ» አለ። ፖስታውን ይዤ ወደ ቤት ገባሁ።

ጊታሩን አውርጄ ጭኔ ላይ አደረግሁትና ከወፍራሙ ጀመርሁ፤ አንተ ከወፍራሙ ነበር የምትጀምረው። ሁለቱን አዙሬ ጠምጥሜያቸው እንደገና ፈታሁ። ቀጭኗ ጣቴን ወጋችኝ። ስድስቱም ገቡ። ለመቃኘት ግን ጆሮህን አላወረስኸኝም፤ እንደ መሰለኝ አደረግሁት። ከአምፕሊፋየሩ አላገናኘሁትም። ለቅሶ ቤት ነው። እንደዚያ ሲሆን ድምፁ ከግድግዳው አያልፍም፤ ጭኔ ላይ ብቻ ነበር የሚሰማኝ፣ እንደ ድሮው ጀርባዬ ላይ። አንድ ጊዜ ብቻ ሁሉንም ነካኋቸውና ጸጥ እስኪሉ ጠበቅሁ።

ከዚያ መልሼ ሰቀልሁት። በሩንም ወለል አድርጌ ከፈትሁት። የሚመጣ ሰው ገብቶ ሲቀመጥ፣ ቀና ሲል ያየዋል።

ለምናሴ የጻፍሁትን ምዕራፍ ገና ለማንም አላነበብሁም ነበር። ርእሱን አልቀየርሁትም፤ «ፋሲካ» ነው። አልጋህ ፊት ለፊት ቆሜ፣ አንተ እንደምታደርገው ድምፄን ከፍ አድርጌ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብሁት። መካከል ላይ፣ ስለ አንተ ደግነት ያበዛሁበት ቦታ አለ፤ እሱ ጋ ስደርስ አዛጋሁ። ሌሊቱን ስላልተኛሁ ይሁን በሌላ አላውቅም።

ደንብ ነው፤ ቆረጥሁት።

ግሩም